የሐጂ ይማም ሽርክና

በጣሊያን ጊዜ የደብረ ታቦር ነጋዴ ሽርክና አልበረክት ብሎት ነበር። አንዱን ጣሊያን ይወርሰዋል፣ ሌላውን አርበኛ መንገድ ላይ ያራግፈዋል። ከይፋግ ጨው የሚያስጭኑት የሽማግሌው የሐጂ ይማም ሽርክና ብቻ ንቅንቅ አላለም። እኔም ያሉኝን ሁለት በቅሎዎች ጎትቼ፣ እንዲያስገቡኝ ልለምን ቤታቸው ሄድኩ።

ገና ስገባ ደንግጬ ልወጣ ምንም አልቀረኝ። የጣሊያን ካፖርት የለበሰ ባንዳና ጎፈሬው የተንጨፈረረ አርበኛ ከአንድ ሰፌድ ቆሎ ይቆረጥማሉ። የሚጨቃጨቁት ስለ አገር መሰላችሁ? ስለ በቅሎ ገብስ ነው!

«ሸሪኮቼ ናቸው፤ ተቀመጥ» አሉኝ ሐጂ። «ጣሊያን ቢቆጣ ይሄ ያማልደናል። አርበኞቹ ቢቆጡ ያኛው ያማልደናል። ሽርክና የሚበረክተው ለየክፉ ቀኑ ሰው ሲኖረው ነው።»

ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ሚስት አለህ?»

«የለኝም፣ ሐጂ።»

«ወንድም፣ አጎት፣ የት ገባ ብሎ የሚፈልግህ ዘመድ?»

«እዚህ አገር ማንም የለኝም።»

«ብትገረፍስ አፍህን ትይዛለህ?»

«ብሞት ትንፍሽ አልልም!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ሦስቱም ተያዩና ፈገግ አሉ። ታማኝነቴ የተመዘነ መስሎኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! በቅሎዎቼንም ወዲያው ወደ ጋጣ አስገቧቸው።

«ታዲያ የእኔ ሥራ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ጣሊያንም አርበኛም በአንድ ቀን የተቆጡብን እንደሆነ፣ አስረን የምናስረክበው ሰው ጎድሎን ነበር፣ ልጄ።»