በራሱ የሚዞር መሪ

መኪናዋን ስገዛ ዝቅ ተደርጋ ነበር። ከእኔ በፊት ይነዳት የነበረው ወጣት ቁመናዋ እንዲያምርለት ብሎ የአራቱንም ጎማ ሞላ ሁለት ሁለት ዙር አስቆርጦታል። ቀይ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ የጣሊያን ስፖርት መኪና ናት። ቆማ ሲያዩዋት ታምራለች። ስትሄድ ግን ሌላ ጉድ ነች፤ ጉድጓድ በነካች ቁጥር መሪው እጄ ላይ ይዞራል። እኔ ወደ ፊት ስል እሷ ወደ ቦዩ ትላለች።

ኪቶ ፉርዲሳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የማሽን ንድፍ ስለማስተምር ችግሩ ቶሎ ገባኝ። መኪናዋ ዝቅ ስትል መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ወደ ላይ አዘንብሏል። ስለዚህ ጎማው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ዘንጉ ይገፋውና ያዞረዋል። ማወቁ አልከበደኝም፤ የከበደኝ ሰው ማሳመኑ ነው።

ጊንጆ ሰፈር ውስጥ አሮጌ መኪና ያውቃሉ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ከሚሠሩት መኪና ሥር ሳይወጡ፣ "ባለቤትሽን ጥሪልኝ" አሉኝ።

"የመኪናዋ ባለቤት እኔ ነኝ።"

"እሱን አላልኩሽም።"

ያሰብኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና የፊት ጎማዎቹን አቅጣጫ አስተካክለው መለሱልኝ። በማግስቱ ያው ሆነች። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ጊዜ ያንኑ ሠሩ። በአራተኛው፣ "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ዘንጉ የሚታሰርበትን ክንድ በእሳት አሙቀን እናጥፈው፤ ያኔ ትገላገያለሽ" አሉ።

"መሪ የሚያዞር ብረት በእሳት አይታጠፍም! መንገድ ላይ ቢሰበርስ?"

"አርባ ዓመት ሳጥፍ የተሰበረብኝ የለም፣ ወላሂ!"

ተኮራረፍን። ለሁለት ሳምንት መኪናዋን አቁሜ በባጃጅ ተመላለስኩ። ንዴቱ ግን አልለቀቀኝም፤ ክፍል ውስጥ ቆሜ እንኳ ከእሳቸው ጋር እሟገታለሁ።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቀጥ ያለ ጣውላና ጠመኔ ይዤ በእሷው ሄድኩ። ለወጉ ያህል ሰላምታ ሰጥቻቸው ጎማው እንደ ልብ ከፍ ዝቅ እንዲል የአንዱን የፊት ጎማ ሞላ እንዲያወጡልኝ ለመንኳቸው። እያጉረመረሙ አወጡት። ጣውላውን ጎማው ላይ አስሬ፣ ጫፉ ያረፈበትን ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመርኩ። ከዚያ ጎማውን በክሪክ ከፍ ሳደርገው የጣውላው ጫፍ መስመሩን ትቶ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ጎን ሄደ። መሪውን የነካ ማንም የለም።

ሽማግሌው ቁጢጥ አሉ። "ዱጉማ? እውነት ነው?" አሉ ለራሳቸው። ቀጥለው "እስቲ ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩት። በሦስተኛው ክሪኩን ተቀብለው ራሳቸው ሞከሩት።

መፍትሔው የዘንጉን ጫፍ፣ ቴስቲና የሚሉትን፣ ከክንዱ ዝቅ አድርጎ የሚይዝ ወፍራም ቀለበትና ረጅም ብሎን ነበር። ልኩን ስዬ ለቶርኖ ቤቱ ሰጠሁ። ዕቃው ሲመጣ ግን ከሳልኩት በጣም ይወፍራል። ሲታሰር ቸርኬውን ነካ፤ መሪውን እስከ መጨረሻው ስጠመዝዘው ብረት ከብረት ይፋጫል።

"ማነው ልኩን የለወጠው?" አልኩ።

"እኔ ነኝ። ይጠንክር ብዬ ለቶርኖ ቤቱ ነገርኩ" አሉ ሽማግሌው፣ ምንም ሳይመስላቸው።

ሳልጮህ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ሌላ አሠርቼ እስኪመጣ፣ ቶርኖ ቤቱ ውስጥ መብራት ጠፍቶ እስኪመለስ፣ ሌላ ሳምንት አለፈ።

በአዲሱ ቀለበት አሰርናትና እሳቸውን አጠገቤ አስቀምጬ ወደ ሸቤ ነዳሁ። ከከተማ እንደወጣን አስፋልቱ የተቦረቦረበት ቦታ ደረስን፤ ትከሻዬን ሰብስቤ ጠበቅኩ። መኪናዋ ነጠረች፣ ወለሏ ጠጠሩን ፋቀ፣ መሪው ግን ንቅንቅ አላለም። አንድ የጭነት መኪና ጎናችንን ቧጥጦ የሚያልፍ እስኪመስል ተጠጋን፤ ያኔም ቀጥ ብላ ሄደች።

ሸቤ ሻይ ልንጠጣ ስንቆም ሰው መኪናዋን ከበበ። ሽማግሌው ወገባቸውን ይዘው ወጡና በኦሮምኛ ያስረዱ ጀመር። ኦሮምኛዬ ብዙ ባይሆንም ለመናደድ ይበቃል፤ እንደ እሳቸው ከሆነ ችግሩን ያገኙት እሳቸው፣ ቀለበቱን ያሰቡት እሳቸው ናቸው። እኔ መኪናዋን ያመጣሁላቸው ልጅ ነኝ።

ስንመለስ አላስቻለኝም። "አባ፣ ግማሹን እንኳ ለእኔ ቢሰጡኝ ምን ነበረበት?"

"አንቺ ነገም አስተማሪ ነሽ" አሉ። "እኔ ግን አንዲት ሴት አረመችው ከተባልኩ ነገ ማን መኪናውን ያመጣልኛል?"

እውነታቸውን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የእኔን ድርሻ ግን አልተውኩላቸውም። እስከ ጊንጆ ጉድጓዱን ሁሉ ሳልሸሽ ነዳሁ።