በማንኛውም ወቅት ያደርሳችኋል

ዛሬ ጠዋት ዝናብ ያበሰበሰው አንድ እንግዳ የእናቴ አልቤርጎ ገብቶ ከቦርሳው ወፍራም የጉዞ መጽሐፍ አወጣ፤ ገጾቹ ሲገለጡ የረጠበ ወረቀት ሽታ መጣ። ቦንጋ ውስጥ ዝናብ ያላገኘው ወረቀት የለም፣ ይኼኛው ግን የአጎቴ የአድማሱ መደርደሪያ ሽታ ነው።

ልጅ ሆኜ መደርደሪያው ከመግቢያው አጠገብ፣ ከጄሪካኖቹ በላይ ነበር። እንግዶች ሲሄዱ ማርና ቡና ይገዙና ሻንጣቸው አልዘጋ ሲላቸው የጉዞ መጽሐፎቻቸውን ጥለው ይሄዳሉ፤ አስጎብኚው አጎቴ ሁሉንም ሰብስቦ፣ ሻጋታቸውን በሹራቡ እጅጌ ጠርጎ፣ ለሚመጣው ሰው እንደ ሐኪም ያዝዝለት ነበር፦ በአውቶቡስ ወደ ዋጫ ለሚያልፍ መነሻና ማደሪያ ብቻ የሚናገረውን ቀጭኑን፣ ወፍ ለሚያሳድድ ሥዕል የበዛበትን፣ ልጆች ይዞ ለመጣ ደግሞ ካርታው ሰፊ የሆነውን፣ ልጆቹ ሲሻሙበት ወላጆቹ ትንሽ እንዲያርፉ ብሎ። ጫካ ለሚገባ ግን ምንም አይሰጥም። «ጫካ መጽሐፍ የለውም፣ ትናንት ያለፈበትን ሰው ጠይቅ» ይላል። ልቤ ሁሌ ሩቅ አገር የሚሸፍት ልጅ ስለነበርኩ፣ ያላየኋቸውን ከተሞች እየገለጥኩ እዚያ ሥር እውላለሁ፤ እናቴም «ይቺን ልጅ መጽሐፍ ውስጥ ሰክተህ ከእንግዶቹ ጋር ላክልኝ» ትለዋለች።

አንድ በጋ የአንዱ የጉዞ መጽሐፍ አዲስ እትም መጣ። ያመጣው የአዲስ አበባ ልጅ በረንዳችን ላይ ጮክ ብሎ አነበበልን፤ በሺሺንዳ በኩል ስላለው ፏፏቴ ያወራና፣ «ቦንጋ ላይ አድማሱን ጠይቁ፣ በማንኛውም ወቅት ያደርሳችኋል» ይላል። አጎቴ እንደገና አስነበበው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ መጽሐፍ መደርደሪያ አላየም፣ ከብብቱ ሥር ነበር፤ ጠጅ ቤት ሳይቀር ይዞት እየገባ ያስነብባል፣ ሰፈሩም «በማንኛውም ወቅት» የሚል ቅጽል ስም አወጣለት። ሳቅን። ምን እናውቃለን።

ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ ቀንና ሌሊት አልለይ አለ፣ ጫካው ከሩቅ እንደ ወፍጮ ያጉረመርም ጀመር። በእኛ አገር ወንዝ ሲሞላ ወይም ድልድይ ሲላላ፣ ቀድሞ ያየው ሰው ቅጠሉ ያልረገፈ ቅርንጫፍ ቆርጦ መንገዱ ላይ ያጋድማል። ማን አጋደመው ተብሎ አይጠየቅም፤ ያየ ይመለሳል። ያንኑ እትም የያዘች ሴት እንግዳ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው።

«አድማሱ፣ ቅርንጫፍ ተጋድሟል እኮ» አለች እናቴ።

«አይቻለሁ፣ እትዬ።»

«አይተህ ነው ቦት የምታጠልቀው?»

«ስሜ ተጽፎ እንዴት አይሆንም ልበላት? ውሸታም ልባል?»

«የጻፈው ሰው በበጋ መጥቶ በበጋ የሄደ ነው፣ አንተ ጅል!»

«እራቴን አቆዪልኝ» ብሎ እየሳቀ ወጣ።

እስከ ጫካው አፍ ተከተልኳቸው። ቅርንጫፉ ተጋድሟል፣ ቅጠሉ ገና ለምለም ነው። አጎቴ አላነሳውም፤ እግሩን ከፍ አድርጎ ተሻገረውና ለእንግዳዋ እጁን ዘረጋላት። ወፎቹ ሁሉ ዝም ብለው ነበር።

ሲመሽ ብቻዋን ተመለሰች። ወንዙ ላይ ያለው የግንድ ድልድይ ከእግራቸው ሥር ሲከዳ ወደ ዳር ገፍትሯት እሱ ከግንዱ ጋር አብሮ ሄደ። ያን ማታ «ገፋኝ፣ ገፋኝ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም፤ የቀረውን በማግስቱ ነው የነገረችን። ዝናቡ ሲያባራ ከታች፣ ወንዙ ከሚጠመዘዝበት አገኙት። እራቱን እናቴ ለማንም አልሰጠችም።

መደርደሪያው ዛሬም አለ። መጽሐፎቹን ሻጋታ በላቸው፣ የቱ ለየትኛው ጉዞ እንደሚሆን የሚያውቅ ጠፋ፣ እኔም አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ከዚህ በር አልራቅኩም። የአጎቴን ድምፅ ለማስታወስ እንኳ ይቸግረኛል። ያ መጽሐፍ ግን በታተመ ቁጥር ስሙ አብሮ ይታተማል።

የዛሬው እንግዳ ጣቱን መስመሩ ላይ አሳርፎ «አድማሱን ፈልጌ ነበር» አለኝ።

«የለም።»

«መቼ ይመለሳል?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። «አይመለስም። መንገዱ ላይ ቅርንጫፍ ተጋድሟል፣ አትሄድም» አልኩት።

«መጽሐፉ እኮ በማንኛውም ወቅት ይላል» ብሎ ፈገግ አለ።

መጽሐፉን ከእጁ ነጠቅኩና ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ የአጎቴን ስም በስክሪብቶ ሰረዝኩት። እንግዳው ደንግጦ ተቀመጠ፤ ቢያንስ ተቀመጠ። በየአገሩ በስንቱ ቦርሳ ውስጥ ግን አድማሱ አሁንም በማንኛውም ወቅት ያደርሳል።