በምራታችን ላይ የተለጠፈው በሽታ

የወንድሜ ሚስት ልብስ ሰፊ ነበረች። ቅጥነቷንና ምላሷን አይተው «መርፌ» አሏት። ሲጠሯት «አቤት፣ ማንን ልውጋ?» ትላለች፤ ስቃ አታባራም።

ወንድሜ ዐይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ ሆስፒታል ሲተኛ ሐኪሙ የጉበት ቫይረስ ነው፣ በደም ይተላለፋል አለን። እናቴ ቃሉን ከአፉ ነጠቀችው።

«ይቺው ናት! ጣቷን ስትወጋ ነው የምትውለው። ልጄን ጨረሰችው!»

መርፌ ስትመረመር ደግሞ ቫይረሱ ተገኘባት። ከዚያ ወዲያ እናቴን ማን ይቻላት! መርፌ አንድም ቀን አልጋ ይዛ አታውቅም፤ ብርጭቆዋ ግን ተለየ። የለየሁት እኔው ነኝ፣ እጄን ይቁረጠውና። ወንድሜም ከሆስፒታል ወጥቶ ይህን እያየ «ተዉ» አላለም። በሳምንቱ የስፌት መኪናዋን አስጭና እህቷ ዘንድ ገባች።

የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ያን ሰሞን ጥናት ነበረው። ቫይረሱ ዝርያ ዝርያ አለው አሉን፤ የትኛው በበሽተኛ፣ የትኛው በጤነኛ ተሸካሚ ላይ እንደሚገኝ ለማወቅ ደም ይወስዳሉ። ሁላችንም ሰጠን፤ መርፌም ተጠርታ መጣች። እናቴ ክንዷን ዘርግታ «እኔ እንኳ ብረት ነኝ፣ በከንቱ አትድከሙ» አለች።

ውጤቱን የነገረችን ነርስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እማማ፣ እርስዎም አለብዎት። አልታመሙም፣ ተሸካሚ ነዎት። የልጅዎ ዝርያ ከእርስዎ ጋር አንድ ነው፤ ሲወለድ ሳይዘው አይቀርም። የሚስቱ ሌላ ነው፤ ከእሷ አልመጣም» አለች።

እናቴ ግድግዳ ግድግዳውን አየች። «ታዲያ እኔ አውቄ ነው?» አለች።

እውነቷን ነው፣ አላወቀችም። መርፌስ አውቃ ነበር? እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እናቴ ለራሷ የሚሆን ምክንያት በአንድ አፍታ አገኘች፤ ለሰው ልጅ ግን አንዲት «በደልኩሽ» ጠፋችባት።

ወንድሜ ሻል ሲለው መርፌ ዘንድ አብረን ሄድን። በር ላይ ቆሞ «የምርመራው ወረቀት ነጻ አውጥቶሻል፤ ነይ ወደ ቤትሽ» አላት።

መርፌ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«የእኔና ያንተ ዝርያ አንድ ቢሆንስ ኖሮ?»

ወንድሜ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«በል እንግዲህ፣ ከወረቀትህ ጋር ኑር።»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ እባክሽ አንቺ ንገሪያት።»

«ምን ብዬ? ልክ ናት» አልኩት።