የዘንጉ ወሬ

ከማርቆስ የመጡት ባለሙያዎች ዘንጉን ከሽንኩርት ማሳችን ጥግ የተከሉት በጥር ነበር። ከታች መሬት ውስጥ ገብቶ እርጥበት የሚለካ ሹል ነገር፣ ከላይ ደግሞ ጣት የምታህል አንቴና ያላት ነጭ ሳጥን አለው። መብራት አይፈልግም፣ ሲም ካርድም የለውም። በአንዲት ትንሽ ባትሪ ዓመታት ይቆያል አሉን። አልፎ አልፎ አጭር ወሬ ይልካል፤ ወሬው ሸለቆውን ተሻግሮ ጉብታው ላይ ካለው የገበሬዎች ማሰልጠኛ ጣሪያ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ውሃ አባቱ ስልክ ይሄዳል። ውሃ አባት የምንላቸው የመስኖውን ተራ እንዲያከፋፍሉ ገበሬው የመረጣቸውን ሽማግሌ ነው።

ያን ዓመት ወንዙ ቀጥኖ ስለነበር ገበሬዎቹ በስብሰባ ተስማሙ። ዘንጉ መሬቱን ደረቅ ያለለት ቀድሞ ያጠጣል፤ እርጥብ ያለው ተራውን ያሳልፋል፤ ዘንግ የሌለው በድሮው ተራ ይቀጥላል።

እናቴ ዘንጉን ወደደችው፤ ፈራችለትም። ከእኛና ከሁለት ጎረቤቶቻችን በቀር ዘንግ የተተከለለት ሰው አልነበረም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ተስፋችን ያው ሽንኩርት ነው። ዓይን ይገባበታል ብላ ጠዋት ጠዋት ከጠበል ስትመለስ ከሃይላንዷ የተረፈውን ከዘንጉ እግር ስር ታፈስለታለች። እኔም አጠገቧ እያረምሁ አያት ነበር።

የመጀመሪያው ተራ ሲያልፈን ውሃ አባቱ መሬታችሁ ጠግቧል አሉን። አመንናቸው። ሁለተኛው ሲያልፈን የሽንኩርቱ ጫፍ መቃጠል ጀመረ። አፈሩን ብጨብጠው እንደ ዱቄት ከጣቶቼ መሃል ፈሰሰ። ወደ ዘንጉ ሄጄ ሳይ ግን እዚያ ጭቃ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ደነገጥሁም። ለእናቴ ብነግራት ጠበሉ ነው የጎዳን ያልኋት ይመስላታል። በሰው ፊት ብናገር መሳቂያ አደርጋታለሁ። ዝም ብል ደግሞ ሦስተኛው ተራ ካለፈን ሽንኩርቱ አይተርፍም።

በተራው ቀን ወንዶቹ ከቦዩ አፍ ተቀምጠዋል። ውሃ አባቱ ስልካቸውን አይተው የእኛ ዛሬም እርጥብ ነው አሉና ለቀጣዩ ባለተራ ምልክት ሰጡት። ሰውየው አካፋውን አንስቶ ወደ እናቴ ዞረ።

«እናንተማ ሽንኩርቱን ትታችሁ ሩዝ ዝሩ።»

ሳቁ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እኔ በወንዶች ጉባኤ ተናግሬ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል እስክወጣ ድረስ እንኳ መምህሩ ሲጠይቀኝ መልሱን እያወቅሁ መሬት መሬት ነበር የማየው። የዚያች ሳጥን ድምፅ ሸለቆ ይሻገራል፤ የእኔ ግን ከጉሮሮዬ አልወጣ አለ። አካፋው አፈሩን ሲነካ ተነሣሁ።

«አባቴ» አልኋቸው ውሃ አባቱን። የሰማኝ ስላልነበረ ደገምሁት። «ዱላዎን ከማሳው መሃል ይትከሉልን። ከዘንጉ ራቅ ብለው።»

ውሃ አባቱ አካፋ የያዘውን በእጃቸው አስቆሙትና መጡ። ከመሃል ሲወጉ ዱላው ነጥሮ ተመለሰ። ሌላም ቦታ ሞከሩ፤ ያው ነው። ከዚያ እኔ ምንም ሳልል ወደ ዘንጉ ሄዱ። እዚያ ዱላው ሰመጠ። ጭቃ የያዘውን ጫፉን አዩ፤ ቀጥለው እናቴ እጅ ላይ ያለውን ሃይላንድ አዩ። እናቴም ጭቃውን አየችው። እኔ ሳቁን እየጠበቅሁ ጣቶቼን እቆለምማለሁ።

«እቴ» አሏት ቀስ ብለው፣ «ይኸ ዘንግ ጠበልተኛ ነው እንዴ?»

«ዓይን እንዳይገባበት ብዬ ነው» አለች። ሃይላንዱን ከነጠላዋ ስር ሸሸገችው።

«እሱስ ድኗል። አሁን ሽንኩርቱ ነው የታመመው።»

ሳቁ፣ ግን የቅድሙ ዓይነት ሳቅ አልነበረም። ባለአካፋው ራሱ ቦዩን ወደ እኛ ከፈተው። ከዳር ያለው ሽንኩርት ተቃጥሎ ቀርቶ ነበር፤ የመሃሉ ግን ሲመሽ ቀና ማለት ጀመረ።

እናቴ ያን ቀን አላናገረችኝም። በማግስቱ ከጠበል ስትመለስ እንደ ልማዷ ከዘንጉ ዘንድ ቆመች። ጥቂት አሰበችና አልፋው ሄዳ፣ ውሃው ወደ ማሳችን ከሚገባበት የቦዩ አፍ ላይ ጎንበስ ብላ የተረፈውን አፈሰሰችው።