እባቡ ከመጣ ወዲህ

እባቡን የሰጠችኝ ከከተማው ወጣ ብላ ኤርድሪ የምትኖር፣ የተጣሉ እንስሳትን እየሰበሰበች ቤት የምትፈልግላቸው ሴት ናት። ባለቤቱ ቤት ሲለቅ ማሞቂያውን አጥፍቶ፣ እሱን መስታወት ሳጥኑ ውስጥ ትቶት ሄዷል፤ ያውም በዊንተሩ ብርድ። እባቡ ሲተነፍስ ያፏጫል።

«ሳንባው ታሟል። መርፌ ትወጊዋለሽ፤ ትችያለሽ?» አለችኝ።

«እችላለሁ» አልኩ። ድምፄ ግን ራሴንም አላሳመነኝም።

መሃል ከተማ ቤልትላይን ወዳለው አፓርታማዬ ወስጄ መኝታ ክፍሌ ውስጥ ደበቅኩት። የደበቅኩት ከእናቴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምትኖርበት ሰፈር ከሲቲስኬፕ ትመጣለች። ሳትጠይቀኝ መጋረጃዬን ትገልጣለች፣ ቁምሳጥኔን ትከፍታለች፣ ስለ ድስቶቼ ታጉረመርማለች። ያን ጊዜ ይሰለቸኝ ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ ያመጣችውን ምስር ወጥ ልታስቀምጥ ፍሪዘሩን ከፈተች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አይጥ ነው፣ እማዬ።»

«የምን አይጥ?»

«የእባቡ።»

ካፖርቷን እንኳ ሳትቆልፍ ወጣች። ቤቷ ስትደርስ ደወለች። «ሔዋንን ያሳታት አይበቃም? እሱ ካለበት ቤት እግሬ አይገባም» ብላ ዘጋችው።

እባቡ ከመርፌው በኋላ ማፏጨቱን ተወ። መብላት ግን እምቢ አለ። በየሳምንቱ የአይጡን በረዶ አሟሙቼ በረጅም መቆንጠጫ ሳቀርብለት ፊቱን ያዞራል። ስይዘው የእጄን ሙቀት ፈልጎ አንጓዬ ላይ ይጠመጠማል፤ በየቀኑ እየቀለለ ሲሄድ ይታወቀኛል። እናቴ ትደውላለች፤ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ሺፍቴ ትጠይቃለች፤ እሱን አታነሳም። አንድ ቀን ግን በወሬ መሃል፣

«ያ ነገር... ይበላል?» አለች።

«አይበላም። ሁለት ወር ሆነው።»

«ሁለት ወር!» ድምፅዋ ተለወጠ። «አሙቀሽ ነው የምትሰጪው?»

«ለብ አድርጌ።»

«ለብ ምን ያደርግለታል? በደንብ አሙቂው። በሽተኛ ቀዝቃዛ አይበላም።»

እንዳለችው አይጡን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆየሁት። ሳቀርብለት አንገቱን ቀለሰ፣ ምላሱን አወጣ፣ ከዚያ እንደ መብረቅ ተወርውሮ ያዘው። መቆንጠጫውን ጥዬ ደወልኩላት።

«በላ!»

«ተመስገን!» አለች። ወዲያው ደግሞ ሳቋ መጣ። «ለእባብ ተመስገን አስባልሽኝ!»

ያን ቅዳሜ ትመጣለች ብዬ ቤቱን ሳጸዳ አረፈድኩ። ስልኬ ጮኸ። «ታች ፓርክ አድርጌያለሁ፤ ውረጂ።»

ከዚያ ወዲህ የምንገናኘው መኪናዋ ውስጥ ነው። ሂተሩን ከፍታ፣ ምሳ ዕቃውን ጉልበቴ ላይ አስቀምጣ ስበላ ታየኛለች። «በላ?» ትለኛለች፤ «በላ» እላታለሁ። ትከሻችን ይነካካል፤ እኔ ግን ቤቴ ውስጥ ያለችው እናቴ ትናፍቀኛለች፤ ከጓዳ ስሜን የምትጣራው፣ ሶፋዬ ላይ ሸርተት ብላ እንቅልፍ የሚወስዳት።

ባለፈው ቅዳሜ፣ «ለትንሽ ጊዜ ግቢ፤ የመኝታ ክፍሉን በር እዘጋበታለሁ» አልኳት።

በመኪናው መስታወት ወደ ፎቁ ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየች።

«ገና ነኝ፣ ልጄ» አለች።

እሺ ብዬ ሳምኳት፤ ወርጄም የመኪናውን በር ቀስ አድርጌ ዘጋሁላት።