በራሱ የሚነሳው መጋዝ

እኔን ኤሌክትሪክ ያስተማረኝ ራሱ ኤሌክትሪክ ነው። ሲነዝረኝ «እዚህ ጋ አትንካ» ማለቱ ነው፤ ሳይነዝረኝ ሲቀር «ጎበዝ» ማለቱ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልን ተግባባን። በደርግ ጊዜ ደባርቅ ውስጥ ሬዲዮ ፈትቶ መልሶ የሚገጥም ሰው ከተፈለገ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። አንዳንዴ ብሎን ይተርፈኛል። ለባለቤቱ «ፋብሪካው አብዝቶት ነው» እለዋለሁ። ሬዲዮው እስከተናገረ ድረስ ማን ይከራከረኛል?

ያኔ የአናጺዎች ማኅበር ውስጥ ነበርኩ። በር፣ መስኮት፣ ለመሠረተ ትምህርት የሚሆን አግዳሚ ወንበር እንሠራለን። ቆርቆሮ ቤታችን ውስጥ አንድ የኤሌክትሪክ መጋዝ አለን፤ የብረት ጠረጴዛ ሆኖ ከመሃሉ ጥርሳም ክብ ምላጭ ብቅ ያለበት። እሱን የሚያሠሩት አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ዕድሜያቸውን ሙሉ ግንድ በሁለት ሰው መጋዝ ሲሰነጥቁ ኖረዋል። አንዱ ትከሻቸው ከሌላው ዝቅ ያለው በዚያ ነው። ማሽኑ ሲመጣ ግን ከሁላችን ቀድመው የለመዱት እሳቸው ሆኑ። ጣውላ ሲያስገቡበት ጥጃ ወደ እናቷ የሚያስጠጉ ነው የሚመስሉት፣ ቀስ ብለው፣ ጀርባዋን እየዳበሱ።

መብራታችን የከተማው ጄኔሬተር ነበር። ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል። ሲሄድ ሁላችንም ወጥተን ግድግዳ ጥግ ፀሐይ እንሞቃለን፤ የደባርቅን ብርድ የሚያውቅ ሰው አይፈርድብንም። መጋዙን ግን አናጠፋውም። የግድግዳውን እጀታ እንደተሰቀለ እንተወዋለን። መብራት ሲመጣ መጋዙ በራሱ ተነስቶ ይጮኻል፣ እኛም ጩኸቱን ሰምተን ወደ ሥራ እንገባለን። ደወላችን እሱ ነበር። ይህን ዘዴ ማን እንደፈጠረው አላውቅም፤ ሰው ሲጠይቀኝ ግን የእኔ ነው እል ነበር። እስከዚያች ቀን ድረስ።

የዚያን ቀን መብራት ጠፍቶ ፀሐይ ስንሞቅ አንድ ቄስ የቤታቸውን መስኮት ሊያዙ መጡ። ጋሼ ውስጥ ቀርተው ሰጋቱራ ይጠርጋሉ። ቄሱ ገብተው ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ቆሙ። ጋሼም እንዳገራችን ደንብ፣ ያጣፉትን ጋቢ ከትከሻቸው አወረዱና በጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው መስቀል ተሳለሙ። የጋቢው ጫፍ ምላጩ ላይ አረፈ። በዚህ መሃል መብራት መጣ።

ውጭ ሆነን የሰማነው የሁልጊዜውን ጩኸት አይደለም። ታንቆ የሚያቃስት ነገር ነው። ዘለን ስንገባ ጋሼ በደረታቸው ጠረጴዛው ላይ ተደፍተዋል፣ ጋቢው ምላጩ ላይ ተጠምጥሟል፣ ሞተሩ ተይዞ ያጓራል፣ ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ሞተሩ አንስተው ይገዝቱታል። እጀታውን ሮጬ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ሌላው ባይመሰክርልኝ እኔ እመሰክራለሁ። ከጋሼ አንድ ጣት አልጎደለም። የጋቢው ውፍረት ነው ሞተሩን አንቆ ያዳናቸው።

ሊቀ መንበራችን ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ደንግጧል፣ ሲደነግጥ ደግሞ ይወስናል።

«ከዛሬ ጀምሮ መጋዙን አይነኩም» አላቸው። «ዘበኛ ይሆናሉ። ቅዳሜ ስብሰባ ላይ አጸድቀዋለሁ።»

«ዘበኛ?» አሉ ጋሼ፣ የተቀደደ ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። «በር ላይ ተቀምጬ መጋዜ በሌላ ሰው እጅ ሲጮኽ ልስማ?»

«ጋሼ፣ ጣትዎን በወረቀት ጠቅልዬ ለባለቤትዎ ከማደርስ ቢቀየሙኝ ይሻለኛል።»

ጋሼ ወደ መሬት አዩ። እኔ ዝም ማለት አልችልበትም።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ጥፋቱ የማሽኑ ነው። በራሱ እንዳይነሳ አድርጌ እሠራዋለሁ።»

«አንተ?»

«እኔ!»

«አንተ የሠራህልኝ ሬዲዮ እኮ ከዚያ ወዲህ ዐረብኛ ብቻ ነው የሚያወራው።»

«ቋንቋ ጨመርኩልህ እንጂ ምን በደልኩህ?»

ጋሼ ሳይቀሩ ሳቁ። ሊቀ መንበሩም ፊቱን አዞረና «እስከ ቅዳሜ» አለኝ።

የምፈልገውን አውቀዋለሁ። ወፍጮ ቤቶች ኮንታክተር የሚሉት ዕቃ አላቸው። አረንጓዴውን ቁልፍ ስትጫነው ውስጡ ያለው ማግኔት ብረቱን ስቦ ይይዛል፣ ሞተሩም ይነሳል። ቀዩን ስትጫን ወይም መብራት ሲጠፋ ማግኔቱ ይለቃል። አንዴ ከለቀቀ ደግሞ፣ መብራት ተመልሶ ቢመጣ እንኳን፣ ሰው መጥቶ አረንጓዴውን ካልተጫነው አይነሳም። ኩሩ ዕቃ ነው፣ ካልለመኑት አይሠራም።

ዳባት ውስጥ ሞተሩ የተቃጠለ ወፍጮ እንዳለ ሰምቼ ነበርና በማግስቱ እህል በጫነ መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጬ ወረድኩ። የወፍጮው ባለቤት ቆፍጠን ያሉ ሴት ናቸው። የኮንታክተሩን ሳጥን ሲያሳዩኝ ዶሮ እንቁላል ጥላበታለች።

«እትዬ፣ ይሄንን ይስጡኝ።»

«ሬዲዮዬን ካናገርክልኝ ውሰደው። ዶሮዋን ግን እንዳታስቀይማት።»

ሬዲዮውን አናገርኩት። ብሎን አልተረፈኝም፣ እንዲያውም አንድ ጎደለኝ። ለዶሮዋም ቅርጫት ውስጥ ገለባ ጎዝጉዤ፣ እንቁላሎቿን አንድ በአንድ አዛወርኩላት። በዓይኗ ብትበላኝም ተስማማች።

ደባርቅ ተመልሼ ላባውንና ኩሱን ከሳጥኑ አጸዳሁ። ጋሼ አጠገቤ ጣውላ ላይ ተቀምጠው ካቻቢቴ ስል ካቻቢቴ፣ ፒንሳ ስል ፒንሳ ያቀብሉኛል። ሽቦውን አሰርኩ፣ ናስትሮ ጠመጠምኩ፣ አረንጓዴውን ተጫንኩ። ሳጥኑ ይያዝ ይልቀቅ ሳያውቅ ድዝዝ ይል ጀመር።

«ቀፎ ነው እንዴ ያመጣህልኝ?» አሉ ጋሼ።

«ቆይ ጋሼ፣ እየተዋወቅን ነው።»

እኔ ለሬዲዮ እንደለመድኩት አንድ ፌዝና ኒውትራል፣ ማለት አንድ የሚነዝርና አንድ የማይነዝር ሽቦ፣ ነበር የሰጠሁት። የማግኔቱ ሽቦ ጥቅል ላይ የተጻፈውን ቁጥር በምራቄ ጠርጌ ሳነበው፣ ለካ የወፍጮ ማግኔት ነው፣ ሁለት ፌዝ ነው የለመደው። «ርቦት ነው!» አልኳቸው። ሁለተኛውን ፌዝ ስሰጠው ጧ ብሎ ያዘ። መጋዙ ተነሳ። ጋሼ እንደዚያ በጥርሳቸው ሁሉ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

«ቀዩን ቁልፍ የት ላድርግልዎት?»

«እጄ ጣውላ ይዟል። ጉልበቴ ግን ሥራ ፈት ነው» አሉኝ። ከጠረጴዛው ሥር፣ በጉልበታቸው ልክ አደረግኩት። ልክ ይህን ስጨርስ አባላቱ መጥተው «ታዲያ መብራት መምጣቱን በምን እናውቃለን?» ብለው ጮኹብኝ። እኔ ምን ይቸግረኛል? አንድ ባለቤቱ የረሳው ሬዲዮ ነበረኝ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። መብራት ሲመጣ እሱ ይጮኻል።

ለሊቀ መንበሩ እጀታውን አውርጄ መልሼ ሰቅዬ አሳየሁት። መጋዙ አልተነሳም። ሬዲዮው ብቻ ጮኸ።

«አንተ ስታጠፋውማ ያውቅሃል» አለኝ። «እውነተኛው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ነው የማምነው።»

ከዚያ በኋላ ጄኔሬተሩ አልጠፋ አለ። በየቀኑ ሲያሰድበን የኖረ ጄኔሬተር! ከተማው በደስታ ልብሱን ይተኩሳል፣ እኔ ጥፋ እያልኩ ስለት ልሳል ምንም አልቀረኝም። ጋሼ ደግሞ ቅዳሜ በቀረበ ቁጥር በሩን ዞር ብለው ማየት አበዙ። ጄኔሬተሩን ወደሚያስነሳው ሰውዬ ዘንድ ሄጄ «ለአፍታ አጥፋልኝ» ስለው፣ ዙሪያውን አይቶ «የኢኮኖሚ አሻጥር አስብለህ ልታሳስረኝ ነው? በራሱ ሲጠፋ ይጥፋ እንጂ በእኔ እጅ አይጠፋም!» ብሎ አባረረኝ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ለስብሰባው አግዳሚ እየደረደርን፣ መብራት ሄደ። ሬዲዮው ንግግር መሃል ተቋረጠ፣ በሌላ ሰው እጅ ይጮኽ የነበረው መጋዝም እየቀነሰ እየቀነሰ ቆመ። ፀሐይ ልሙቅ ያለ ሰው የለም። ሁሉም መጋዙ ቤት ገባ፣ ሊቀ መንበሩም መጣ። እጀታው እንደተሰቀለ ነው። ቆመን ስንጠብቅ ጋሼ ከሰው መሃል ወጥተው መዳፋቸውን ምላጩ ጥርስ ላይ አሳረፉ።

«ጋሼ! እጅዎን ያንሱ!» ብዬ ጮኽኩ።

«አልሠራኸውም እንዴ?»

«ሠርቼዋለሁ!»

«ታዲያ ምን ያስጮህሃል?»

እያንዳንዷን ሽቦ በሐሳቤ ፈትቼ አሰርኳት። ናስትሮው የላላ መሰለኝ፣ ዶሮዋ የረገመችኝ መሰለኝ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ጉረኛ ነኝ፣ ይወቁኝ እንጂ!» አልኳቸው። አልሰሙኝም። ወደ እጀታው ሮጥኩ።

ሳልደርስ ሬዲዮው በማርሽ ሙዚቃ ፈነዳ። ሊቀ መንበሩ ዘሎ የጋሼን ክንድ ያዘና ከጠረጴዛው አነሳው። ምላጩ ንቅንቅ አላለም ነበር። ሊቀ መንበሩ ግን መዳፋቸውን ገልብጦ አየ፣ እንደገና ገልብጦ አየ፣ ከዚያ ይዞት ቆመ።

«ጣቶቼ ሙሉ ናቸው፣ አትቁጠር» አሉት ጋሼ በቀስታ። «የሚሠሩም ናቸው።»

ሊቀ መንበሩ እጃቸውን ለቀቀላቸው። «ሁለተኛ እዚያ ላይ ቢያሳርፉ» አለ፣ «ዘበኛ አይደለም፣ የዘበኛ ረዳት ነው የማደርግዎት።»

«እሺ ጓድ።»

«ማነህ፣ ለዘበኝነቱ ሌላ ሰው ፈልግ» አለው አንዱን አባልና ወደ እኔ ዞረ። እኔ አሁን ያመሰግነኛል ብዬ ደረቴን ነፋሁ፤ የምለውንም አዘጋጅቻለሁ፣ ረዘም ያለ ነው። እሱ አፉን ሲከፍት ጋሼ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫኑት። መጋዙ ተነሳ። የሊቀ መንበሩ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ምን እንዳለ ግን አንዲት ቃል አልሰማሁም። ጋሼም ቀና ብለው «ከብርሃኔ ላይ ዞር በልልኝ» ብለው በእጃቸው ጠቆሙኝና ጣውላቸውን ቀስ ብለው አስጠጉ።