የጋሽ ለይኩን ቀኝ እግር

ጋሽ ለይኩን ልጅነታቸውን ሲያነሱ ቀድሞ ትዝ የሚላቸው የብረት ድጋፋቸው ድምፅ ነው፤ በትምህርት ቤቱ የጣውላ ወለል ላይ ቀጭ፣ ቀጭ ይል ነበር። ገና በሦስት ዓመታቸው ፖሊዮ ቀኝ እግራቸውን ቢያሰልለውም፣ ጅማ መርካቶ ውስጥ በእጅ በሚዞር መኪና ልብስ እየሰፉ ልጆች አሳድገዋል።

አንድ ጠዋት ቦሳ ኪቶ ወዳለው ቤታቸው ቆንጂት የምትባል የፖሊዮ ጠብታ የምትሰጥ ሴት መጣች።

«ሕፃን አለ?»

«የለም» አለች ምራታቸው ሩት። ክርስትና ያልተነሳች ልጅ ለእንግዳ ሰው አትታይም ብላ የወር ልጇን ጓዳ ሸሽጋለች።

ቆንጂት በሩ ላይ በጠመኔ ሕፃን የለም የሚል ምልክት ልታደርግ ስትል ጋሽ ለይኩን «ቆዪ እስቲ፣ ልጄ» አሉና ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ። እግራቸው እንደ ሸንበቆ ቀጥኗል።

«እናቴም ከሰው ዓይን ሸሽጋ ነው ያሳደገችኝ፤ ይሄ በሽታ ግን ከተሸሸግሁበት ገብቶ አገኘኝ።»

«ዓይን ቢያርፍባትስ፣ አባባ?» አለች ሩት።

«እኔ ጨፍኜም ቢሆን እሰጣታለሁ» አለች ቆንጂት።

«ጨፍነሽ አፍንጫዋ ውስጥ እንዳትጨምሪው!» ብለው ጋሽ ለይኩን ሳቁ።

ሩት ግን አልሳቀችም። ያን እግር ትክ ብላ አየችውና ልጇን ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች።